ከኮምቦልቻ እስከ ጋምቤላ፦ የአየር ርቀትንና የበረራ ጊዜን በእጅ አስልቶ የማወቂያ መመሪያ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ጋምቤላ ድረስ በአውሮፕላን ለመሄድ ያሰበ ሰው ስልኩን አውጥቶ ርቀቱን ቢጠይቅ፣ «650 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በረራው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ» የሚል ዓይነት መልስ ያገኛል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ተሳፋሪው የሚሳፈርበት አውሮፕላን በዚያ ቀጥታ መስመር አይሄድም፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ቦሌ ያርፋል፣ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ወደ ምዕራብ ይነሣል። ስለዚህ ስልኩ የሰጠውን ቁጥር ይዞ ለሚቀበለው ዘመድ ቀጠሮ የሰጠ ሰው ዘመዱን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ይህ መመሪያ ርቀቱንም ጊዜውንም በወረቀትና በስልክ ካልኩሌተር እንዴት ማስላት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌው ኮምቦልቻና ጋምቤላ ይሁን እንጂ አሠራሩ ለማናቸውም ሁለት የክልል አውሮፕላን ማረፊያዎች ያገለግላል።

አንደኛ፦ ትክክለኛውን መነሻ መያዝ

ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የምትጠቀመው የኮምቦልቻውን ነው፤ ትኬት ላይ የሚታየው ባለ ሦስት ፊደል መለያ፣ ማለትም «ዲ ኤስ ኢ»፣ የተወሰደው ግን ከደሴ ስም ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ የርቀት ማስያዎች ከደሴ መሐል ከተማ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከኮምቦልቻው ሜዳ ይለካሉ። በአየር ሲታይ ልዩነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥምና ለበረራው ስሌት ያን ያህል አያስጨንቅም። በምድር ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነው፤ ጭጋግ በዋለበት ቀን ወይም ከባድ መኪና ከፊት በቀደመበት ጊዜ ይህ መንገድ የሚወስደውን ጊዜ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የበረራው ስሌት መነሻ የኮምቦልቻው ሜዳ መሆኑን፣ የጉዞው መነሻ ግን የቤትዎ በር መሆኑን ከወዲሁ ለይተው ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ይክፈቱ።

ሁለተኛ፦ ኬክሮስና ኬንትሮሱን መጻፍ

የእያንዳንዱን ሜዳ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለማግኘት ጉግል ማፕስ ላይ ማኮብኮቢያውን ፈልጎ መሐሉን በጣት ተጭኖ መቆየት ይበቃል፤ ሁለት ባለ ነጥብ ቁጥሮች ይወጣሉ፣ የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። ለዚህ ሥራ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኀዝ በቂ ነው። የምንፈልጋቸው ሦስቱ ሜዳዎች እንዲህ ናቸው፦

ኮምቦልቻ፦ 11.08 ሰሜን፣ 39.71 ምሥራቅ
አዲስ አበባ ቦሌ፦ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ
ጋምቤላ፦ 8.13 ሰሜን፣ 34.56 ምሥራቅ

ቁጥሩን ያገኙት ከካርታ መጽሐፍ ወይም በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ከተጻፈ ሰነድ ከሆነ ግን ሳይቀይሩት አይጠቀሙበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጋምቤላ ሜዳ ኬንትሮስ 34 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ነው። 47ን ለ60 ማካፈል 0.78 ይሰጣል፤ ይህን ከ33 ደምሮ 33.78ን እንደገና ለ60 ማካፈል 0.56 ይሰጣል፤ ስለዚህ 34.56 ይሆናል። «34 ዲግሪ ከ33» የሚለውን እንዳለ 34.33 ብሎ የጻፈ ሰው ጋምቤላን 25 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ገፍቷታል ማለት ነው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ወደ ድንበሩ የሚያስጠጋ ርቀት ነው።

ሦስተኛ፦ ቀጥታውን ርቀት ማስላት

አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የትም ቦታ ቢለካ በግምት 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የኬንትሮስ መስመሮች በምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ፣ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር አንዱ ዲግሪ እያጠረ ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚያጥር የሚነግረን የኬክሮሱ ኮሳይን ነው። በ6 ዲግሪ 0.995፣ በ8 ዲግሪ 0.990፣ በ10 ዲግሪ 0.985፣ በ12 ዲግሪ 0.978፣ በ14 ዲግሪ 0.970 ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ እርማቱ ትንሽ ነው፤ ወሎ ላይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ቢዘነጋም በምሳሌያችን ላይ የሚያመጣው ስሕተት 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ልማዱን መያዝ አይከፋም።

አሁን ሥራው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሁለቱ ሜዳዎች የኬክሮስ ልዩነት አንዱ ጎን፣ የኬንትሮስ ልዩነታቸው በኮሳይን ተባዝቶ ሌላው ጎን፣ የምንፈልገው ርቀት ደግሞ የማዕዘነ ቀጤው ጎነ ሦስት ረጅሙ ጎን ነው፤ በፓይታጎረስ ሕግ ይወጣል።

ከኮምቦልቻ ጋምቤላ የኬክሮስ ልዩነቱ 11.08 ሲቀነስ 8.13፣ ማለትም 2.95 ነው። የኬንትሮስ ልዩነቱ 39.71 ሲቀነስ 34.56፣ ማለትም 5.15 ነው። የሁለቱ ኬክሮሶች አማካይ 9.6 ስለሆነ ኮሳይኑ 0.986 ይሆናል፤ 5.15 በ0.986 ሲባዛ 5.08 ይሰጣል። 2.95 በራሱ ሲባዛ 8.70፣ 5.08 በራሱ ሲባዛ 25.8 ገደማ ነው፤ ድምሩ 34.5፣ የድምሩ ስኩዌር ሩት 5.87 ነው። ይህ ርቀቱ በዲግሪ ሲለካ ነው። በ111.2 ሲባዛ 653 ኪሎ ሜትር፣ በ60 ሲባዛ ደግሞ 352 የባሕር ማይል ይሆናል። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መነሻውም ይኸው የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው፤ ዲግሪን በ60 ማባዛት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ይህ አሠራር ምድርን ለጥ ያለች አድርጎ የሚቆጥር ቢሆንም፣ በአገራችን ስፋት ውስጥ ለሚደረግ በረራ ከትክክለኛው የሉል ስሌት የሚለይበት መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለማስላት ግን አይሞክሩት።

አራተኛ፦ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበትን መስመር ማስላት

የአገር ውስጥ በረራዎቻችን በአብዛኛው እንደ መንኮራኩር ዘንጎች ከመሐሉ፣ ከቦሌ፣ የሚነሡና ወደ ቦሌ የሚመለሱ ናቸው። ከአንድ የክልል ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ ተሳፋሪ መሐሉን መንካት አለበት። ስለዚህ ከላይ ያለውን ስሌት ለሁለቱ የጉዞ እግሮች፣ ማለትም ለእያንዳንዱ በረራ፣ ለየብቻ ይድገሙት።

ከኮምቦልቻ ቦሌ የኬክሮስ ልዩነቱ 2.10፣ የኬንትሮስ ልዩነቱ 0.91 ነው፤ በ0.985 ሲባዛ 0.90 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 2.28፣ ርቀቱ 254 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናን ወጥቶ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን የሚሄደው መንገድ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ተራራውን መዞር ስንት እንደሚያስከፍል ይህ ቁጥር ይነግረዋል። በነገራችን ላይ አውሮፕላኑ በዚህ እግር ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያቀና በግራ መስኮት የተቀመጠ ሰው የአፋርን ቆላ፣ በቀኝ የተቀመጠ የሸዋን ደጋ ያያል፤ ሰማዩ ከጠራ እኔ ግራውን እመርጣለሁ።

ከቦሌ ጋምቤላ የኬክሮስ ልዩነቱ 0.85 ብቻ ነው፤ መስመሩ ወደ ምዕራብ የተኛ ነው ማለት ነው። የኬንትሮስ ልዩነቱ 4.24፣ በ0.989 ሲባዛ 4.19 ነው። ስኩዌር ሩቱ 4.28፣ ርቀቱ 476 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የሁለቱ እግሮች ድምር 730 ኪሎ ሜትር ነው። ከቀጥታው 653 ጋር ሲነጻጸር ብልጫው 77 ኪሎ ሜትር፣ ከመቶ 12 ያህል ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ በኩል መዞሩ ራሱ ርቀቱን ያን ያህል አያበዛውም። ቀኑን የሚበላው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ከዚህ በታች ያለው ነው።

አምስተኛ፦ ርቀቱን ወደ ጊዜ መለወጥ

በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የምናየው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ይህ አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። የስልክ ማስያዎች ግን በአብዛኛው የሚያስሉት በትልልቅ ጄቶች ፍጥነት፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚያሳስቱን እዚህ ላይ ነው። ለጥንቃቄ 600ን ይያዙ፤ ለማስላትም ይቀላል፣ በየደቂቃው 10 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ርቀቱን ለ10 ማካፈል ብቻ ነው። 254 ኪሎ ሜትር 25 ደቂቃ፣ 476 ኪሎ ሜትር 48 ደቂቃ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ማቆም አይገባም። አውሮፕላን በ600 የሚበረው መሐሉን ብቻ ነው። ከተርሚናሉ ወጥቶ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይንከባለላል፤ ቦሌ ላይ ከሆነ ከፊቱ የተሰለፉትን ይጠብቃል፤ ሲወጣ ፍጥነቱ ገና ነው፤ ሊያርፍ ሲል ደግሞ ከብዙ ኪሎ ሜትር በፊት ጀምሮ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ጋር እስኪገጥም ይዞራል። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ በረራ 30 ደቂቃ ይጨምሩ። ይህ 30 ደቂቃ በረራው ቢያጥርም ቢረዝምም ያው ስለሆነ፣ የኮምቦልቻው አጭር እግር ላይ ከመብረሪያው ጊዜ ይበልጣል።

እንግዲህ ከኮምቦልቻ ቦሌ 25 ሲደመር 30፣ 55 ደቂቃ ነው። ከቦሌ ጋምቤላ 48 ሲደመር 30፣ 78 ደቂቃ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ተደምረው 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይሆናሉ።

ነፋስንስ? ብዙ ሰው ስለ ነፋስ ይጠይቃል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከፊት ቢገጥም ፍጥነቱ ከ600 ወደ 560 ይወርዳል፤ የጋምቤላው 48 ደቂቃ 51 ይሆናል። ሦስት ደቂቃ ናት። በአጭር በረራ ላይ ነፋስን ለማስላት ከመድከም ይልቅ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው እስኪገለጥ የሚጠበቀውን ጊዜ ማሰብ ይሻላል፤ እሱ ሲመጣ በደቂቃ ሳይሆን በሰዓት ነውና።

ስድስተኛ፦ የትኬቱን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት መመለስ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ባለ 24 ነው፤ የእኛ ከንጋት ይቆጠራል፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ትኬቱ ከ07:00 እስከ 18:59 ያለ ከሆነ 6 ይቀንሱ፤ የቀን ሰዓት ነው። ከ19:00 በላይ ከሆነ 18 ይቀንሱ፤ 19:30 ማለት ከምሽቱ 1:30 ነው። ከ07:00 በታች ከሆነ 6 ይጨምሩ፤ 05:30 ማለት ከሌሊቱ 11:30 ነው። ቀኑም የፈረንጆች መሆኑን ሳይረሱ ከእኛው ቀን ጎን ለጎን ይጻፉት።

ይህን ደረጃ አስረዝሜ የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄደው ለሰነበቱት አክስቴ የመመለሻ ትኬት የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ። ትኬቱ ላይ 07:10 ይላል። እኔ በልቤ «ከጠዋቱ 1:10» ብዬ አንብቤ አለፍኩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን በእስክሪብቶ አልጻፍኩትም። እሳቸው ደግሞ እንደተጻፈው ሰባት ከአሥር ነው ብለው፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረሱ። ደውለው ሲነግሩኝ አፌ ተሳሰረ። እሳቸው ግን «አብሽር ልጄ፣ ቤቴ እንደሆነ የትም አይሄድብኝም» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትኬት ስቆርጥ በሰዓቱ አናት ላይ የእኛን ሰዓት «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚል ቃል ጨምሬ በትልቁ እጽፋለሁ፤ «1:10» ብቻውን አይበቃም።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኮምቦልቻና ጋምቤላ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ ሲደርሱ ሰዓትዎን አይነኩም። ፀሐይ ግን ይህን አታውቅም። ምድር አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የ5.15 ዲግሪው ልዩነት ፀሐይ ጋምቤላ ላይ ከኮምቦልቻ 20 ደቂቃ ያህል ዘግይታ እንድትወጣና እንድትጠልቅ ያደርጋታል። የሶላት ወይም የፆም ሰዓቱን ከደሴ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ልብ ይበል።

ሰባተኛ፦ ሙሉውን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር

አሁን የተከፈቱት ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ። ለምሳሌ ያህል የኮምቦልቻው በረራ በትኬቱ ላይ 10:40፣ ማለትም ከጠዋቱ 4:40 ቢሆን፣ ከደሴ የሚነሡበትን ሰዓት ለማግኘት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሜዳው ላይ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ማለትም ከጠዋቱ 2:40 መድረስ፤ ለሐረጎ መንገድና በመግቢያው ላይ ለሚደረገው ፍተሻ አንድ ሰዓት፤ ስለዚህ ከቤት 1:40። ወደ ፊት ሲቆጠር ደግሞ 55 ደቂቃ በረራ፣ ቦሌ 5:35። የጋምቤላው በረራ 13:40፣ ማለትም ከቀኑ 7:40 ቢሆን በመሐሉ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አለ፤ በ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ በረራ ጋምቤላ 8:58። ሻንጣ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት፣ 9:28። ከቤት በር እስከ ጋምቤላ ሜዳ በር 7 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ አውሮፕላን ውስጥ የሚቀመጡበት 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ሲያዩ፣ የትኛው ሰዓት ላይ መጨነቅ እንደሚገባ ግልጽ ይሆናል።

ሁለቱን በረራዎች በሚመርጡበት ጊዜ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳያንስ ይጠንቀቁ፤ በክረምት ከሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሁን። የኮምቦልቻው በረራ በደመና ምክንያት 40 ደቂቃ ቢዘገይ ይህ ክፍተት ይሸከመዋል። ሁለቱንም እግሮች በአንድ ትኬት ላይ ማስቆረጥም ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በቀጣዩ በረራ እንዲሄዱ ማድረግ የአጓጓዡ ኃላፊነት ይሆናልና። በተለያየ ቀን የተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ክፍተቱ ከአራት ሰዓት በላይ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት ምሳ በልቶ መመለስ የሚቻል ይመስላል፤ የቦሌን መንገድ መጨናነቅ የሚያውቅ ሰው ግን ምሳውን እዚያው ይበላል።

ለመለማመጃ የሚሆን ሌላ ጥንድ

አሠራሩ መግባቱን ለማረጋገጥ ከላሊበላ ጅግጅጋ ያለውን ያስሉ። ላሊበላ 11.98 ሰሜን፣ 38.98 ምሥራቅ ነው፤ ጅግጅጋ 9.33 ሰሜን፣ 42.91 ምሥራቅ። ቀጥታው 521 ኪሎ ሜትር ሊመጣልዎ ይገባል። በቦሌ በኩል ሲሆን ግን የመጀመሪያው እግር 334፣ ሁለተኛው 453፣ ድምሩ 787 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ብልጫው ከመቶ 51 ነው። የጋምቤላው ከመቶ 12 ብቻ የነበረው አዲስ አበባ ከቀጥታው መስመር ብዙ ስላልራቀች ነው፤ ከላሊበላ ጅግጅጋ ግን ወደ ደቡብ ወርዶ እንደገና ወደ ምሥራቅ መታጠፍን ይጠይቃል። ጊዜው 33 ሲደመር 30፣ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ፤ 45 ሲደመር 30፣ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፤ በድምሩ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። የላሊበላ ሜዳም ከተማው ውስጥ ሳይሆን ታች ሹምሸሃ ላይ ስለሆነ፣ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ የዚያን ቁልቁለት መንገድ ጊዜ መጨመር አይርሱ።